የመምህር ዘገየ ደንብ

መምህር ዘገየ በጋምቤላ ሙቀት የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ቆልፎ የሚውል ሰው ነው። ከጎጃም መጥቶ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመረ አሥራ አራት ዓመት ሆነው። እኔ ስሜ እንየው ነው፣ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ መምህራን ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀመጥን ዘጠኝ ዓመታችን ነው። ደግ ሰው ነው፤ ተማሪ ሲታመምበት ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል። ግን መታለልን እንደ እሱ የሚፈራ ሰው አላየሁም። ቲማቲም ሲገዛ እንኳ አንድ በአንድ እያገላበጠ ስለሚያይ የገበያ ሴቶች "ኢንስፔክተሩ መጣ" ይሉታል።

ዓምና አሥራ አንደኛ ክፍሎችን ድርሰት አጻፈ። ሠላሳ ስምንት ወረቀት አንድ ዓይነት መግቢያ ይዞ መጣ። ሁሉም ስልካቸው ላይ ያለውን አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ጠይቀው የሰጣቸውን እንዳለ ገልብጠዋል። አንዱማ ማሽኑ መጨረሻ ላይ "ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?" ያለውን ጭምር በእጁ ጽፎ አስረክቧል። እኛ በሳቅ ስንሞት ዘገየ አልሳቀም። ሦስት ቀን ሙሉ ወረቀቶቹን እያገላበጠ ዋለ።

በአራተኛው ቀን ደንብ ይዞ መጣ፤ ሦስት አንቀጽ። በማሽን የተጻፈ ድርሰት ዜሮ ያገኛል። የተጠረጠረ ተማሪ ፊት ለፊት ተጠይቆ ንግግሩ ከጽሑፉ ጋር ይመዛዘናል። ካልተመዛዘነ ጥፋቱ በማኅደሩ ይመዘገባል።

"መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ቢሆንስ?" አለች ሊድያ፣ የባዮሎጂ መምህርቷ። "ምን እንደሚፈቀድላቸው እኮ ማንም አልነገራቸውም።"

"አንቺ ደግሞ ሆደ ቡቡ ነሽ" አላት።

ፈረምን። እኔም ፈረምኩ፤ ሻዬ እየቀዘቀዘብኝ ስለነበር በቅጡ እንኳ አላነበብኩትም። ደንቡ በየክፍሉ በር ላይ ተለጠፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጆቹ በሩ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ ጀመሩ። አልወደድኩትም።

ዘንድሮ ኛዳክ መጣች። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከጀዊ የስደተኞች ካምፕ ናት። አንድ የረድኤት ድርጅት ከተማ ውስጥ የምታድርበትንና የምትማርበትን ወጪ ይሸፍንላታል፤ ማኅደሯ ላይ ጥፋት ከተመዘገበ ግን ድጋፉ ይቆማል። ክፍል ውስጥ ዝምተኛ ነበረች። አማርኛዋ ከገበያ የለቀመችው ነው። ዘገየ ደግሞ እንግሊዝኛውን የሚያስተምረው በአማርኛ ነው፤ ሁላችንም እንደዚያው ነን።

"የተወለድኩበት ቦታ" የሚል ድርሰት አዘዘ። ኛዳክ ያመጣችው ሁለት ገጽ አንድም ስህተት አልነበረበትም። ዘገየ ቀይ እስክሪብቶውን እንደያዘ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ፊቱ ሲጠቁር አየሁ። አስጠራት።

"ይህን ማን ጻፈው?"

"እኔ ነው፣ ቲቸር።"

"እንዴት አድርገሽ ጻፍሽው? እስቲ አስረጂኝ።"

"እኔ... ራስ ውስጥ አለ። ከዚያ ጻፈ።"

ወደ እኔ ዞረ። "ትሰማለህ እንየው? አንድ ዓረፍተ ነገር አስተካክላ መናገር ያቃታት ልጅ ናት ይህን የጻፈችው?"

ልጅቷም ወደ እኔ አየች። አንድ ቃል እንድናገርላት እየጠበቀች ነበር። የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ ጠርጥሬአለሁ። ግን ፈርሜአለሁ፤ ንግግሯና ጽሑፏም አልተመዛዘነም። አቀርቅሬ ፈተና ማረሜን ቀጠልኩ። ዛሬም ያሳፍረኛል።

ዜሮው ተሰጠ፤ ጥፋቱም ማኅደሯ ውስጥ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ድጋፉ መቋረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰ። ኛዳክ ሰነዷን ልትወስድ ስትመጣ ሊድያ በረንዳው ላይ አግኝታ በእንግሊዝኛ አናገረቻት። ልጅቷ እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረችው ኬንያ ውስጥ፣ ስደተኛ ካምፕ፣ በእንግሊዝኛ ነበር። ስለተወለደችበት ቦታ ስትናገር ቃላቱ ያለ ማቋረጥ ይወርዱ ነበር። ዘገየ መስኮቱ ጋ ቆሞ ሰማ። አንዳንዱን ቃል እሱ ራሱ የሚያውቀው አልመሰለኝም።

"በአማርኛ ነው የጠየቅናት" አልኩት።

ከመስኮቱ ዞሮ ወጣ። በማግስቱ ድርጅቱ ቢሮ ሄደ፤ ቦታዋ ለሌላ ተሰጥቷል አሉት። ጀዊ ወረደ፤ ድንበር ተሻግራ ወደ ትውልድ አገሯ፣ እናቷ ዘንድ ሄዳለች አሉት። በዚያ በኩል ሰሞኑን ተኩስ አለ እየተባለ ነው። ስልኳ አይሠራም።

ደንቡን ግን አላነሳውም። "አንዴ ካነሳነው ማንም አይሰማንም" አለ።

ቀጣዩ ድርሰት ሲሰበሰብ ወረቀቱ ሁሉ በስህተት የተሞላ ነበር። ዘገየ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አለ። "አየህ፣ አሁን ራሳቸው ጻፉ" አለኝ። ከዚያ የኛዋል ወረቀት ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። በቅርቡ ወደ ክፍሉ የገባችው ኛዋል የኛዳክ የአጎት ልጅ ናት፤ ኬንያ አብረው ነው የተማሩት። ወረቀቷ ላይ ትክክለኛው ቃል መጀመሪያ ተጽፏል፤ ከዚያ ተሰርዞ ከላዩ ስህተቱ ተጽፏል። በየመስመሩ እንደዚያ ነው።

አስጠራት። ልክ የነበረውን ለምን እንዳበላሸችው ጠየቃት፤ በእንግሊዝኛ። እሷ ግን በአማርኛ መለሰች።

"ቲቸር፣ ኛዳክ ልክ ጻፈ። አሁን የት አለ?"