የረቡዕ ጸሎት፣ የእሁድ ራእይ

ፓስተር ኤጀታ ትሑት ሰው ነው። ወሰን ሰፈር ያለውን ጸሎት ቤታችንን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ችግሩ እሱ ራሱም ማወቁ ነው። እሁድ አምልኮ ሲያልቅ ኮቱን አውልቆ የፕላስቲክ ወንበር ይደራርባል። "ኧረ ፓስተር፣ ተዉት! እኛ እናነሳዋለን" ሲሉት፣ "እኔ ማን ነኝና?" ይላል። እንዲህ ሲል ሰው ቢሰማው ደግሞ አይጠላም። ሠርግ ላይ የክብር ወንበር ሲያዘጋጁለት እጁን ይዘው ወደ ፊት እስኪጎትቱት ድረስ ከኋላ ሄዶ ይቀመጣል። ይህን የምለው ላማው አይደለም። ሰው ሲታመም ከዘመድ ቀድሞ የሚደርስ፣ ሐዘን ቤት ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥ የሚችል፣ እኔንም በክፉ ቀን የደገፈኝ ሰው ነው። እወደዋለሁ። የሆነውንም ሁሉ በኋላ የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፤ "እንዳትሸፋፍንልኝ" ብሎ።

ጸሎት ቤታችን የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ከጎኑ ጋራዥ አለ፤ ረቡዕ ጠዋት ሽማግሌዎች ሲጸልዩ የላሜራ ቀጥቃጮቹ መዶሻ አብሯቸው ይጸልያል። ሽማግሌዎች የምንላቸው ቤተ ክርስቲያኒቱን የሚመሩትን ወንድሞች ነው እንጂ ሁሉም ሽበት የላቸውም። ከመካከላቸው ወንድም ዘረሰናይ ራእይ ያያል ይባላል። አጭር፣ ጥንቁቅ፣ ክራባቱን ጠበቅ አድርጎ የሚያስር ሰው ነው፤ ሲጸልይ ግን ድምፁ ሞንታርቦውን ያንቀጠቅጠዋል።

እኛ ጴንጤዎች ሐሜት አንወድም። የምንወደው የጸሎት ርዕስ ነው። "ለጸሎት ነው የምነግርህ" ከተባለ በኋላ የማይነገር ነገር የለም፤ የሰው ትዳር፣ የሰው ሕመም፣ የሰው ልጅ አጉል መሆን ሁሉ ዐይን ተጨፍኖ ይወራል። በመጨረሻ "አሜን" ስለሚባልበት ማንም ሐሜት ብሎ አይቆጥረውም።

ሶሬቲ ልጆቻችንን እሁድ እሁድ የምታስተምር ወጣት ናት። በሥራ ቀን የግል ትምህርት ቤት መምህርት ነች፤ የምትኖረው የካ ሚካኤል አካባቢ ከእናቷ ከእማማ ወለተጊዮርጊስ ጋር ነው። እማማ ኦርቶዶክስ ናቸው። ባለፈው ዓመት ቀኝ ጎናቸውን ዛል አደረጋቸው፤ ሐኪሙም መድኃኒት ሰጣቸው። መድኃኒቱን እየዋጡ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ይወጣሉ። ብቻቸውን መውጣት ስለማይችሉ ሶሬቲ ክንዳቸውን ይዛ ትወጣለች። ነጠላ ትከናነባለች፣ ጠበሉን በጀሪካን ትቀዳለች፣ እናቷ ደጁን ሲሳለሙ እንዳይወድቁ ደግፋ አብራ ትሳለማለች።

ይህ ነገር ሲከብዳት ጊዜ ወደ ፓስተር ኤጀታ ቢሮ መጣች። ቢሮ ማለቴ ወንበርና ጠረጴዛ የገባበት መጋዘን ነው።

"ፓስተር፣ ኃጢአት እየሠራሁ ነው?" አለችው። "እሁድ ልጆቹ ፊት ስቆም አስመሳይ የሆንኩ ይመስለኛል።"

"እናትን ደግፎ ዳገት ማውጣት ኃጢአት ከሆነ እኔ መጽሐፉን አላነበብኩትም ማለት ነው" አላት። "ሂጂ። ክንዷን ጠበቅ አድርገሽ ያዢ። ይህ ደግሞ በእኔና በአንቺ መካከል ይቀራል።"

ሶሬቲ አለቀሰች፣ ሳቀችም፤ ቀልሏት ሄደች። ምክሩ ጥሩ ነበር፤ ማንም ቢሰማው ጥሩ ነው የሚለው። ጣጣው የመጣው ከዚሁ ነው። ማንም አልሰማውማ።

ረቡዕ ሽማግሌዎቹ ሲሰበሰቡ ስለ ቤተሰብ ይጸለይ ተባለ። ፓስተር ኤጀታን አፉን በላው። "ስም አልጠራም፤ ለጸሎት ነው የምነግራችሁ" ብሎ ጀመረ። "ልጆቻችንን የምታስተምር አንዲት እህት..." ብሎ ስለ እናቲቱ፣ ስለ እንጦጦ፣ ስለ ነጠላው፣ ስለ ጀሪካኑ ተናገረ። ከዚያ የሰጣትን ምክር አስከተለ፤ መናገር የፈለገው እሱን ነበር። አንዱ ሽማግሌ "ጥበብ ነው ፓስተር" አለው። ደስ አለው። ስም ባለመጥራቱም ኮራ። ልጆቻችንን የሚያስተምሩት ግን ሁለት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ ደግሞ የወንድም ዘረሰናይ ሚስት ነች።

ካፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ? ይኸኛውም እሁድን አላለፈም።

እሁድ መዘምራኑ ጨርሰው ሕዝቡ በጸሎት ሲሞቅ ወንድም ዘረሰናይ ማይክ ጠየቀ። ዐይኑን ጨፍኖ ወዲያና ወዲህ ተንጎራደደ። "አንዲት እህት በመካከላችን አለች" አለ። "ተራራ አያለሁ። ባሕር ዛፍ አያለሁ። ነጭ ነጠላ አያለሁ! በእጅሽ ዕቃ ይዘሻል። ጌታ ይልሻል፦ ልጄ ሆይ፣ ከዚያ ተራራ ውረጂ!"

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሶሬቲ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወደ ፊት መጣችና ተንበረከከች። እንደ ደንቡ ፓስተር ኤጀታ እጁን ራሷ ላይ መጫን ነበረበት፤ ጫነ። ራእዩ ከየት እንደመጣ ያውቃል። ተራራው የእሱ ነው፣ ነጠላው የእሱ ነው፣ ጀሪካኑም የእሱ ነው። ከራሱ አፍ ረቡዕ ወጥቶ እሁድ በሌላ አፍ ተመልሶ መጣ። ሕዝቡ ግን እያየው ነበር። በሌላ እጁ በያዘው ማይክ "አሜን" አለ።

ወንድም ዘረሰናይ ዋሽቶ ነው ብዬ አልምልም። ረቡዕ የሰማውን ቅዳሜ ሌሊት በሕልሙ አይቶት፣ እሁድ ጠዋት ከሰማይ የመጣ መስሎት ሊሆን ይችላል። ሰው ራሱን ሲያታልል ጉቦ እንኳ አይቀበልም።

ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ከመገናኛ በሚመጣ ታክሲ ውስጥ እንኳ "የወሰኑ ራእይ" ሲወራ ሰምቻለሁ። ወንድም ዘረሰናይ ዘንድ ይጸለይልኝ የሚለው ሰው በረከተ። ሶሬቲ ልጆቹን ማስተማሯን ቀጠለች፣ ግን ከሳች፤ ፊቷ ገረጣ። "እግዚአብሔር አየኝ" ትል ነበር ለጠየቃት ሁሉ። ይህን ስትል ደስታ ድምፅዋ ውስጥ አልነበረም።

ፓስተር ኤጀታን ምግብ አልበላ አለው። ሚስቱ ጥሩብርሃን "ምን ሆነሃል?" ስትለው "ጨጓራዬ ነው" አላት። እሷም አጥሚት ሠራችለት። አጥሚቱን እየጠጣ ለራሱ ምክንያት ይደረድራል፦ አሁን ብናገር ሕዝቡ ይሰናከላል፤ አዲስ ያመኑት ምን ይላሉ? ወንድሜን በአደባባይ ላዋርድ? ጊዜ ይፈልጋል፣ ጥበብ ይፈልጋል። "ሁሉንም ለሰው ስል ይመስል ነበር" አለኝ። "ለራሴ ነበር። አንዲት ጊዜ እንኳ ሐሳቤ ከልጅቱ አልጀመረም።" በዚያ ሰሞን የሰበከው ደግሞ ስለ ትሕትና ነበር፤ ርዕሱን ቀድሞ አስታውቆ ስለነበር መቀየር አፈረ። መድረክ ላይ አፉ ደርቆ ውኃ ደጋግሞ ሲጠጣ አይቼ ጉንፋን ይዞት ነው ብዬ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንደ ልማዱ ሊጸልይ እንጦጦ ወጣ። ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቶ ተንበረከከ፤ ቃል አልወጣው አለ። ተነሥቶ ሲመለስ፣ ከኪዳነ ምሕረት በሚወርደው መንገድ ዳር አንዲት አሮጊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው በነጠላ ተጠቅልሏል፤ ጀሪካን አጠገባቸው አለ።

"ልጄ፣ እስቲ ይህችን አንሣልኝ" አሉት። "እጄ እምቢ አለኝ።"

አነሣው። "የት ድረስ ነው እናቴ?"

"ታክሲው ድረስ ብታደርስልኝ ጸሎቴ ይድረስህ።"

በአንድ እጁ ጀሪካኑን፣ በአንዱ ክንዳቸውን ይዞ ቁልቁል ጀመሩ። ቀስ እያሉ ነው የሚራመዱት፤ ቀኝ እግራቸው ይጎተታል። "ብቻዎን ነው የወጡት?" አላቸው።

"ልጅ አለችኝ። እንዳንተው ክንዴን ይዛ ታመላልሰኝ ነበር። አሁን ተወችኝ።"

ፓስተር ኤጀታ ያኔ ገባው። ጀሪካኑ እጁ ላይ ከበደ። ቢሆንም "ለምን?" ብሎ ጠየቀ፤ ሌላ ልጅ ትሆን ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረው።

"ጴንጤ ናት። ጸሎት ቤታቸው እግዚአብሔር በሰው አፍ ተናገራት አለችኝ። ከተራራው ውረጂ አላት። እያለቀሰች ነው የነገረችኝ፣ ምስኪን።"

"እርስዎስ ምን አሏት?"

"ምን እላታለሁ? ሰው ቢላት ኖሮ ሄጄ እጣላው ነበር። እግዚአብሔር ነው ያለው ስትለኝ ዝም አልኩ፤ ከእሱ ጋር ልጣላ?" ጥቂት ሄዱና ቆም አሉ። "አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። እኔም እሱን ብዬ ነው የምወጣው።"

ፓስተር ኤጀታ ታክሲው ጋ ሲደርሱ ጀሪካኑን አልሰጣቸውም። አብሯቸው ገባ። እማማ "ኧረ በቃህ ልጄ" ቢሉትም መገናኛ ላይም ሌላ ታክሲ አብሯቸው ተሳፈረ፤ የካ ሚካኤል ድረስ ተሸክሞ ሄደ። በሩን የከፈተችው ሶሬቲ ናት። መጀመሪያ እናቷን አየች፣ ቀጥሎ ጀሪካኑን፣ ከዚያ የያዘውን ሰው።

"ፓስተር?"

"ሶሬቲ፣ እግዚአብሔር አይደለም የተናገረሽ" አላት እዚያው ደጅ ቆሞ። "እኔ ነኝ። ረቡዕ ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። ምክሬን እንዲያደንቁልኝ ብዬ ነው የነገርኳቸው።"

"ያን ቀን እጅዎ ራሴ ላይ ነበር" አለችው ሶሬቲ።

"አዎ።"

"ወንድም ዘረሰናይ ሲናገር ፈራሁ እንጂ አላመንኩትም ነበር። ሰው ይሳሳታል ብዬ ነበር። እርስዎ ሂጂ ብለውኝ ነበራ! ያመንኩት እርስዎ አሜን ሲሉ ነው።"

ይቅርታ ለመጠየቅ አፉን ከፈተ፤ እንባው ቀደመው። እማማ ወለተጊዮርጊስ ከአንዱ ወደ አንዱ እያዩ ነበር። ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ጠቆረ። "ለካ አንተ ነህ" አሉት። እንደ ቅድሙ ልጄ አልተባለም፣ ጌታዬም አልተባለም። "በል ጀሪካኑን አስቀምጥ፤ እጅህ ደከመ" ብለው ገቡ።

"እኔን ቤት መጥተው መንገርዎ አይበቃም" አለችው ሶሬቲ። "በዚያው ማይክ ይንገሩልኝ።"

ከሰዓት ወንድም ዘረሰናይ ቤት ሄደ። "አይቻለሁ እኮ ኤጀታ! በዐይኔ ነው ያየሁት!" አለው ዘረሰናይ። "ረቡዕ ነግሬህ ነው ያየኸው" ሲለው ፊቱ ደም መሰለ፣ ከዚያ አመድ። ሕዝቡን ታሰናክላለህ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱን ታፈርሳለህ፣ ብሎ ለመነው፣ ተቆጣው። ኤጀታ ያንኑ ምክንያት ለራሱ ብዙ ጊዜ ስለተናገረ ምን እንደሚመልስ ያውቅ ነበር።

እሁድ ማይኩን ይዞ ቆመ። ጥቅስ አልጠቀሰም። "በዚያ እሁድ የሰማችሁት ከእግዚአብሔር አይደለም፤ ከእኔ ነው" አለ። "እህታችን በምስጢር የነገረችኝን አውጥቼ ተናገርኩ። ተመልሶ ሲመጣ እያወቅኩ አሜን አልኩበት። እናቷን የመደገፏ ነገር ነውር የለበትም። ነውሩ የእኔ ነው።" የወንድም ዘረሰናይን ስም አላነሣም። ዘረሰናይ ከፊት ተቀምጦ ጫማውን ያያል።

እኛ ለማስታወቂያም፣ ለኪራይ መጨመርም "አሜን" የምንል ሰዎች ነን። ያን ቀን ግን ዝም አልን። አንዳንዱ ተነሥቶ ወጣ። አንዲት እናት "ወይ ጉዳችን!" ሲሉ ተሰማ።

አምልኮው እንደምንም አለቀ። ፓስተር ኤጀታ ኮቱን አውልቆ ወንበር መደራረብ ጀመረ። "ተዉት ፓስተር" ያለው አልነበረም። እኔም በር ላይ ቆምኩ። አንዱን በአንዱ ላይ እየጫነ፣ ማንንም ሳያይ፣ ግድግዳው ድረስ እየወሰደ ደረደራቸው። እንዲያ ሲያደርግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው የማያየው መሰለኝ።

ሶሬቲ ልጆቹን ሸኝታ ስትወጣ መንገዷ በአጠገቡ ነበር። አልሳቀችለትም፣ እጇንም አልዘረጋችለትም። "እናቴ አሁንም እርስዎ ላይ አዝናለች" አለችው። "ግን ቅዳሜ እንወጣለን። እኔ ክንዷን እይዛለሁ፤ ጀሪካኑን የሚይዝ ያስፈልገናል።"

"አሜን" ሊል ከንፈሩ ተላቀቀ። መልሶ ገጠመው።

"እሺ" አላት። "እመጣለሁ።"