አሥራ ዘጠኝ ጊዜ የሞተው ጃላል

ሙዋር ከተማ ውስጥ ጃላልን የማያውቅ የለም፤ አሟሟቱንም ሁሉም ያውቀዋል። አሥራ ዘጠኝ ፊልም ሠርቶ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሞቷል።

የሚሰጠው ሚና ያው አንድ ነው፦ ወገቡን እየሰበቀ የሚሄድ፣ ድምፁን የሚያቀጥን፣ ወንዶችን በዓይኑ የሚጠቅስ ፀጉር አስተካካይ። ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ ፊልሙ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ጃላል ይገደላል። ፊልም ለሕዝብ እንዲታይ የሚፈቅዱት የመንግሥት ገምጋሚዎች እንዲህ ያለ ሰው በመጨረሻ ወይ ንስሐ ይግባ ወይ ይሙት ባዮች ናቸው። ንስሐ ደግሞ ጣጣው ብዙ ነው፤ መስጊድ ይፈልጋል፣ የሚመክር ሽማግሌ ይፈልጋል፣ ዝናብም ቢጥል ይመረጣል። ለሞት አንድ የጭነት መኪና ይበቃል። ጃላልን እባብ ነድፎታል፣ ወንዝ ወስዶታል፣ አንዴም ኮኮናት አናቱ ላይ ወድቆበታል።

"አባንግ ጃላል፣ ቀጥሎ ምን ሊገድልህ ነው?" ይሉታል ዓሣ ሻጮቹ፣ እንደ ታላቅ ወንድም እየጠሩት።

"እናንተ ናችሁ፣ በዚህ ዋጋችሁ" ይላል እሱ።

ሚስት አላገባም። የሚኖረው ከእናቱ ከማክ ሳዲያ ጋር ነው። እሳቸው እያንዳንዱን ፊልም አይተው ሲወጡ አንድ ነገር ብቻ ይላሉ፦ "አንዴ እንኳ እስከ መጨረሻው ብትቆይ ምን ነበረበት?"

ሃምሳ ዓመት ሲሞላው ዕድል መጣ። የሁለት ዓሣ አጥማጆችን ታሪክ ሊሠራ የተነሳው ሃይካል የሚባል ዳይሬክተር አንዱ ተዋናይ እግሩ ተሰበረበትና በቸገረው ጊዜ ጃላል ላይ ጢም ለጥፎ አስገባው። ሌላውን ዓሣ አጥማጅ የሚሠራው አዝሚር የሚባል ተዋናይ ነበር። በፊልሙ ሁለቱ ሰዎች በአንድ አጎበር ሥር ያድራሉ፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ጀልባውን ሸጦ ያሳክመዋል፤ በማዕበል መሃል እጅ ለእጅ ተያይዘው ለረጅም ጊዜ ይተያያሉ።

ጃላል ጽሑፉን አንብቦ ሲጨርስ ወደ ሃይካል ሄደ። "እኔ የቱ ጋ ነው የምሞተው?"

"አትሞትም።"

"ገምጋሚዎቹስ?"

"ምን ሊሉ? ጢም አለህ፣ ትደባደባለህ፣ ድምፅህም ወፍራም ነው።"

እውነትም ገምጋሚዎቹ ፊልሙን ወደዱት። "የወንድማማችነት አርአያ ነው፤ ወጣት ወንዶች ቢያዩት መልካም ነው" ብለው ጻፉ። የቆረጡት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በፊልሙ የአዝሚር እጮኛ የሆነችው ልጅ ልብስ ስታሰጣ ክንዷ እስከ ትከሻዋ ይታይ ነበር። ልጅቷም ሌላ የምትታይበት ቦታ ስላልነበራት ከነጭራሹ ከፊልሙ ወጣች።

ፊልሙ ሙዋር ሲታይ ማክ ሳዲያ ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ። በመጨረሻ ሁለቱ አጥማጆች ሸምግለው፣ አንድ ደጃፍ ላይ መረብ ሲጠግኑ ታዩ። አዳራሹ ሙሉ አለቀሰ።

"እነዚህ ይዋደዳሉ" አሉ ማክ ሳዲያ በሹክሹክታ።

"አዎ እማ፣ ጓደኛሞች ናቸው።"

"ጓደኛ? አባትህ በአርባ ዓመት አንዴም እንዲህ አላየኝም።" እጁን ያዙት። "አንተንም እንዲህ የሚያይህ ሰው ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። ማንነቱን አልጠይቅም።"

ጃላል መብራት እስኪበራ ድረስ እጁን አልነጠቀም።

በሳምንቱ እናቱ "ያንን አጥማጅ ምሳ ጥራልኝ" አሉት። አሳም ፔዳስ የሚባለውን የሚያቃጥል የዓሣ ወጥ ሠርተው፣ አዲስ ሳሮንግ ለብሰው ጠበቁ። አዝሚር ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን አስከትሎ መጣ። ማክ ሳዲያ ፊታቸው ጠቆር ቢልም ትልቁን ዓሣ ለእሱ አወጡለት፤ ሚስቱንም "አይዞሽ ልጄ፣ ብዪ" አሏት፣ ሐዘን የደረሰባት ይመስል።

ከወር በኋላ ጃላል አዲስ ጽሑፍ ደረሰው፤ ፀጉር አስተካካይ፣ መጨረሻው ላይ አዞ። እስከዚያ ድረስ ለማንም እምቢ ብሎ አያውቅም ነበር፤ አሁን ግን መልሶ ላከው። ሚናውን ለሌላ ሰጡት። አዞውን ግን አልቀየሩትም።