በራሴ እጅ የሞላሁት መዝገብ

አባቴ ሁለት ሚስቶች ነበሩት። ትልቋ አጋሮ፣ እናቴ ጂማ፣ ጊንጆ ሰፈር። በርጩማ ጠራቢ ስለነበር ሥራውን አጋሮ ገበያ ይወስዳል፤ ከሳምንቱ ሦስቱን ቀን እዚያ፣ የቀረውን እኛ ዘንድ ያድራል። ሁለቱንም ያገባቸው ቃዲው ፊት፣ በምስክር ነው።

የሕገ መንግሥቱ ረቂቅ ለውይይት ሲወርድ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። እሑድ እሑድ ጠዋት ነዋሪው በሙሉ ቀበሌ አዳራሽ ይሰበሰባል፤ የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። ጽሕፈቴ ስለሚያምርና ኦሮምኛ ስለምችል ቃለ ጉባኤ እንድይዝ፣ ለሽማግሌዎቹም እንዳስተረጉም ታዘዝኩ። ስለ መሬትና ስለ ሸንጎ ሲነበብ አንገታቸውን ደፍተው የነበሩት ሰዎች፣ ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ነው የሚለው ጋ ሲደረስ ቀና አሉ።

አንድ አዛውንት ተነሡ። ግብሩን መንግሥት ይወስን፣ ኒካሕን ግን ለቃዲው ይተወው አሉ በኦሮምኛ። ተረጎምኩ። ስብሰባውን የሚመራው ካድሬ አዛውንቱን ትቶ ወደ እኔ ዞረ።

«እኚህ አባት ስንት ሚስት አላቸው?»

አላውቅም አልኩ። ሁለት መሆናቸውን አውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ከወንዶቹ እጁን ያወጣ የለም። ከሴቶቹ ግን አንቀጹ ደስ ያሰኛቸው ነበሩ፤ እርስ በርስ ሲንሾካሾኩ አይቻለሁ። እቤት ስንገባ እናቴን ምን ትያለሽ አልኳት።

«ድሮ ቢከለክሉት ደግ ነበር» አለች። «አሁን እኔን የት ሊያደርጉኝ ነው?»

በዚያው ሰሞን የቤተሰብ መዝገብ እንደ አዲስ መሞላት ጀመረ። ጸሐፊዋ እኔው ነኝ። አባቴ ተራው ደርሶ ፊቴ ቆመ። ትልቋ ሚስቱ አጋሮ ተመዝግባለች፤ እዚህ ሌላ ሚስት ካለ ይጠየቃል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ እናቴን እህቴ ብለሽ ጻፊ አለኝ።

«እኔንስ?»

ጠረጴዛውን እያየ መለሰ። «የእህት ልጅ።»

ጻፍኩ።

ረቂቁ ታርሞ ሲወጣ ያ አንቀጽ ተነሥቷል ተባለ። መስጊድ ደጃፍ አልሐምዱሊላህ ያላለ አልነበረም። መዝገቡን እናስተካክል ስለው አባቴ እምቢ አለ። «ሄጄ ዋሽቻችሁ ነበር ልበላቸው?»

በቀጣዩ ክረምት በጉበት በሽታ ሞተ። ወሩ ሳይሞላ ከቀበሌው ሰው መጣ። ቤቱ በሟች ስም የተያዘ የቀበሌ ቤት ነው፣ ለሚስትና ለልጅ ይተላለፋል፣ ለእህት ግን አይተላለፍም፣ ልቀቁ አለን። እናቴ የባሏን ዒዳ፣ አራት ወር ከአሥር ቀኑን የሐዘን ጊዜ፣ ተቀምጣ ከቤት አትወጣም ነበርና የቃዲውን ወረቀት ይዤ እኔ ሄድኩ። ትልቋ እናቴም ሰምታ የራሷን ዒዳ አቋርጣ ከአጋሮ መጣች። ሊቀ መንበሩ ፊት ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

«ወላሂ ጣውንቴ ናት። ስትዳር ቤቱን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ» አለች።

ሊቀ መንበሩ አልተቆጣም። የቃዲው ወረቀት የሃይማኖት ነው፣ መንግሥት የሚያውቀው ይሄንን ነው ብሎ መዝገቡን ገለጠ። ከዚያ ወደ እኔ አዞረው።

«ጽሕፈቱ የማን ነው?»

«የእኔ።»

መዝገቡን ዘግቶ ወደ ቦታው መለሰው።

ትልቋ እናቴ አጋሮ አብረን እንኑር ብላ ለመነች። እናቴ በእሷ ላይ ሸክም አልሆንም ብላ ደዶ ያለው ወንድሟ ዘንድ ለመግባት ወሰነች። አራት ወር ከአሥር ቀኑ ሳይሞላ፣ በቀን፣ ጎረቤት እያያት ከባሏ ቤት ወጣች። ለእሷ ከቤቱ ይልቅ የከበዳት ይሄ ነበር። ፍራሹን ጭነን ስንሄድ ፊቷን እስከ ዓይኗ ሸፍና ነበር። ስለ መዝገቡ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተናገረችኝ። አንድ ቀን እንኳ ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።