እትዬ በረኪናና አምስቱ ዓሦች

ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ካርድ አወጣለሁ። በወረቀት ከጽዳት ሠራተኛዋ በላይ ነኝ፤ በእውነቱ ግን ቤቱን የምታስተዳድረው እሷ ናት። ወለሉ ሳይደርቅ የረገጠ ሰው፣ ዶክተሩም ቢሆኑ፣ ከደጃፍ ይመለሳል። ታካሚው ሁሉ «እትዬ በረኪና» ይላታል። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ነውና፣ ስሙን ያወጣሁት እኔ መሆኔን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ሳታውቅ አትቀርም።

ማሾፍ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በረኪናው ታሪክ አለው። የመጀመሪያ ልጇ ዓመት ሳይሞላው ተቅማጥ ይዞት ከእጇ ሊያመልጥ ነበር። የምትቀዳው ውሃ ነው ያሳመመው። አንዲት ነርስ ውሃውን እያፈላች፣ ዕቃውን በበረኪና እያጠበች እንድትጠቀም አስተማረቻት፤ ልጁም ዳነ። ዛሬ በር ሲገባ አንገቱን የሚደፋ ቁመተ ሎጋ ሹፌር ሆኖ፣ «እናቴ ያሳደገችኝ በወተት ሳይሆን በሳሙና ነው» እያለ ያሾፍባታል። እሷ ግን አትስቅም። ለእሷ ቆሻሻ ማለት ልጅ የሚነጥቅ ነገር ነው።

ጣጣው የመጣው ዶክተሩ የዓሣ ገንዳ ገዝተው ታካሚ መጠበቂያው ውስጥ ያስቀመጡ ጊዜ ነው። ለሕፃናቱ ብለው ነው። እውነትም ጥርሱን ሊነቀል እያለቀሰ የገባ ልጅ ዓሦቹን ሲያይ ዝም ይላል፤ ዶክተሩም «ከማደንዘዣዬ ይሻላሉ» ይሉ ነበር። ዐሥራ ሁለት ዓሦች ገቡ። በአራት ወር ውስጥ ሰባቱ ሞቱ።

ተከሳሹ እኔ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ምግብ የምሰጣቸው እኔ ነኛ! እትዬ በረኪና መወልወያዋን ተደግፋ፣ «በጥጋብ ነው የሚገድላቸው፤ እኔማ በየቅዳሜው እንደ ሙሽራ አጥቤ ነው የምመልሳቸው» እያለች ወረፋ ለሚጠብቀው ሁሉ ትናገራለች። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ወሬ አይጠላም። ካርድ ልሰጠው ስሙን የጠየቅሁት ሰው ሁሉ እንደ ነፍሰ ገዳይ ያየኝ ጀመር። እኔና እሷ ዓይንና ናጫ ሆንን፤ ሰላምታም ቀረ።

ዶክተሩ ለአንድ ወር ሥልጠና ሲሄዱ ሁለታችንንም ጠሩን። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ስመለስ እነዚህ አምስቱ ከሌሉ ገንዳውን ለሌላ ሰው እንሰጠዋለን። በየጊዜው የሞተ ዓሣ የሚያይ ልጅ ጭራሽ ይፈራብኛል» አሉና ሄዱ።

እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ፣ የሚሞት ቢኖር በቦታው የምተካው ሁለት ሦስት ዓሣ ልገዛ፣ የመጀመሪያዎቹን ወደሸጠልን ዓሣ ሻጭ ሄድኩ። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ብቻ። የዓሦቹ መሞት ወሬ ደርሶት ኖሮ፣ ሰውየው ገና ሲያየኝ ራሱን ነቀነቀ።

«አልሸጥልህም» አለኝ። «ለቀብር ነው እንዴ የምሸጠው? መጀመሪያ ገንዳውን ማን እንደሚያጥበው ንገረኝ።»

«የጽዳት ሠራተኛችን ናት። በጽዳት እንከን አይወጣላትም።»

«እሱን ነው የፈራሁት። አምጣልኝ።»

እትዬ በረኪና በደስታ መጣች። ጥፋተኛነቴን በባለሙያ አፍ ልታሰማኝ ነው እንጂ ሌላ ምን ይዟት ትመጣለች? መንገዱን ሙሉ ከፊቴ ቀድማ ተራመደች።

«እናቴ፣ እንዴት እንደሚያጥቡት እስቲ ይንገሩኝ» አላት ሰውየው።

ደረቷን ነፍታ ነገረችው። ዓሦቹን በባልዲ ታወጣለች። ውሃውን አንጠፍጥፋ ትደፋለች። መስታወቱን፣ ጠጠሩን፣ የማጣሪያውን ስፖንጅ በበረኪና ትፈትጋለች፣ ሦስት ጊዜ ታለቀልቃለች፣ ከቧንቧ ቀጥታ ሞልታ ዓሦቹን ትመልሳለች። «ያብረቀርቃል!» ስትል ጨረሰች።

ሰውየው በእጁ የያዘውን መረብ አስቀመጠ። «እናቴ፣ ዓሣ የሚሸናው እዚያው በሚተነፍስበት ውሃ ውስጥ ነው። ያንን መርዝ የሚበሉለት በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን አሉ። ቤታቸው ስፖንጁ ላይ ያለው ዝቃጭና ጠጠሩ ነው። እርስዎ በየቅዳሜው እነሱን ፈጅተው ዓሣውን ከገዛ ሽንቱ ጋር ነው የሚዘጉበት። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪንም የሚተነፍስበትን ስንጥብ ያቃጥለዋል።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ኖራ፣ ነገሩ እዚያው ባልዲዋ ውስጥ ተገኘ። እስቃለሁ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ፊቷን ሳየው ግን ሳቁን ተውኩት።

እኔም አላመለጥኩም። «አንተስ ስንት ትሰጣቸዋለህ?» አለኝ። በጣቴ ቆንጥሬ ሳሳየው፣ «የዓሣ ሆድ ከዓይኑ አይበልጥም! በሁለት ደቂቃ የማይጨርሱትን አትስጥ፤ የተረፈው ነው የሚበሰብሰው። በሳምንት አንድ ቀን ጭራሽ ጾም አሳድራቸው» ብሎ ልክ ልኬን ነገረኝ።

ከዚያ ከአንዱ ገንዳ ውስጥ ቡናማ፣ ሙልጭልጭ ያለ፣ የሚያስጠላ ስፖንጅ አውጥቶ በፕላስቲክ ውስጥ ከነውሃው አሰረና ለእትዬ በረኪና ሰጣት። «ይሄ ሕይወት ያለው ነው። ከእናንተው ስፖንጅ ጎን ያኑሩት። ለሦስት ሳምንት ገንዳውን አያጥቡ። አራት አምስት ቀን እየቆዩ ከውሃው ሩቡን ብቻ ይቀይሩ፤ የሚጨምሩትም በክፍት ባልዲ አንድ ሁለት ቀን የሰነበተ፣ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር እኩል የሆነ ይሁን። ስፖንጁ ሲደፈን ከገንዳው በቀዱት ውሃ ጨመቅ ማድረግ ነው። ሳሙና የነካው እጅ እዚያ ውስጥ አይግባ።»

ያችን ፕላስቲክ እጇን ዘርግታ፣ ከቀሚሷ አርቃ ይዛ በመንገድ ስትሄድ ማየት ነበረባችሁ። የክሊኒኩ በር ላይ ስንደርስ ቆመች።

«ሰባቱን የገደልኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «ስምህንም ያጠፋሁት እኔው። እነዚህ አምስቱም በእጄ ከሞቱ፣ ዶክተርን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ቁልፌን አስረክቤ ነው የምሄደው።»

«ኧረ እትዬ፣ ለዓሣ ብለሽ!»

«ብያለሁ።»

እሷ ብያለሁ ካለች ብላለች ነው። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት። ስንጣላ የከረምን ሰዎች ነን፤ ግን ያለ እሷ ያንን ቤት ላስበው ሞከርኩና አልሆነልኝም። እወዳታለሁ፤ ምን ይደረግ።

ሦስት ሳምንት እጅን ሰብስቦ መቀመጥ ለሌላ ሰው ዕረፍት ነው፤ ለእሷ ግን ቅጣት ነበር። መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ነገር መውጣት ሲጀምር ፊቷን አዙራ ማለፍ ጀመረች። ታካሚዎች «ዛሬስ እትዬ ሰነፈች መሰለኝ» ሲሏት ከንፈሯን ነክሳ ትውጠዋለች። ቁጭቱን በሌላ በኩል ተወጣችው፤ የበር እጀታዎቻችን በዚያ ወር ከመታሸት ብዛት ሳያልቁ መቅረታቸው ይገርመኛል።

በዘጠነኛው ቀን ጉድ ፈላ። ጠዋት ስገባ ገንዳው ወተት የተበጠበጠበት መስሏል። ትልቁ ብርቱካንማ ዓሣ፣ ሆዱ ስለሚቀድም «አለቃ» የምንለው፣ አፉን ውሃው ፊት ላይ አውጥቶ ያለከልካል። እትዬ በረኪና ባልዲዋን ይዛ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ ቆማለች።

«ላጥበው ነው» አለች። «ዓይኔ እያየ አይሞትም!»

«ካጠብሽው ነው የሚሞተው!» ብዬ ገንዳው ፊት ተገተርኩ። በሕይወቴ እሷን የከለከልኩት ያን ቀን ብቻ ነው። በአንድ እጄ እሷን እየከለከልኩ በሌላው ዓሣ ሻጩ ጋ ደወልኩ።

«የሚጠበቅ ነው፤ ተሐዋስያኑ እየተባዙ ነው» አለ ሰውየው በእርጋታ። «ምግብ አቁሙ። አየር መንፊያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት። የሰነበተ ውሃ ካላችሁ ዛሬም ነገም ሩቡን ቀይሩ። ስፖንጁን እንዳትነኩ!»

የሰነበተ ውሃ ነበረን እንዴ? እሷ ነበራታ! ከዕቃ ቤቱ በር ጀርባ አራት ባልዲ ውሃ፣ እያንዳንዱ የተቀዳበት ቀን ተጽፎበት፣ አቧራ እንዳይገባው በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ ተደርድሯል። ክርኗን ነክራ ሙቀቱን ለካች፤ ሕፃን ልታጥብ ይመስል። ከዚያ ኩባያ በኩባያ፣ ውሃው እንዳይነቃነቅ እየተጠነቀቀች ጨመረች። ምሳዋን ሳትበላ ወንበር ስባ «አለቃን» ስታየው ዋለች። እኔም ካርድ እያወጣሁ እሷን ሳያት ዋልኩ።

በማግስቱ ማለክለኩን ተወ። በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ከገንዳው ኋላ ያለው ግድግዳ ታየ። በዐሥራ አምስተኛው፣ ዓይኑን የምታክል ቁንጥር ምግብ ብጥልለት «አለቃ» ሌሎቹን ገፍትሮ ቀድሞ ዋጣት። «ይሄ ስግብግብ!» አለች እትዬ በረኪና፤ ከዚያ ሁለታችንም እፎይ ብለን ተሳሳቅን። ከስንት ወር በኋላ መሆኑ ነው።

ዶክተሩ ሲመለሱ መጠበቂያው በሰው ሞልቶ ነበር። ሻንጣቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ ገንዳው ጋ ሄደው ቆጠሩ። አምስት። ፊታቸው በራ። ማን እንዳዳናቸው ሳይጠይቁ እትዬ በረኪና ከፊታቸው ቆመች።

«ዶክተር፣ ይሄ ልጅ አይደለም የገደላቸው» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። «በዚህ ቤት ስሙን ያጠፋሁት በሐሰት ነው። በበረኪናዬ የጨረስኳቸው እኔ ነኝ። ጽዳት አውቃለሁ ብዬ ነበር። የሚወስኑትን ይወስኑ።»

እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዐሥራ ስምንት ዓመት እዚህ ቤት ስንት ሰው አፉን ከፍቶ ተኛ?» አሏት። «አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ቁስሉ አመርቅዞ ተመልሶብኝ ያውቃል? ሰው ሁሉ እጄን ነው የሚያመሰግነው። እኔ ግን መመስገን ያለበት ማን እንደሆነ አውቃለሁ። አንቺ ነሽ።»

እትዬ በረኪና የታካሚ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ተቀምጣበት አታውቅም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ እንደ ልጅ አለቀሰች። ከጎኗ ጉንጩ ያበጠ ጎልማሳ ተቀምጧል፤ አሁን ገና መግባቱ ስለሆነ የተባለውን ሁሉ አልሰማም። ሰው ሲያለቅስ አየና ወደ እሷ ዘንበል አለ።

«አይዞዎት እናቴ» አላት፣ በዚያ ባበጠ አፉ። «መርፌው ብቻ ነው ትንሽ የሚቆነጥጠው። ሲነቀል ምንም አይሰማም።»

ቀና ብላ እንባዋን ጠረገች።

«የኔስ፣ ልጄ» አለችው፣ «ተነቀለልኝ።»