ቆማ የምትዞረው መኪና

ከደብረ ታቦር የወጣሁ ዕለት አልቃሽ አልነበረኝም። ዘመድ አዝማድ በጠዋቱ መናኸሪያ ተሰብስቦ እንባውን ሲያዘጋጅ፣ የባሕር ዳሩ ሚኒባስ አልነሳ አለ። ሹፌሩ ግፉ ሲል አጎቶቼም እናቴም ነጠላቸውን ታጥቀው ገፉ። ሞተሩ ሲነሳ ሹፌሩ እንዳይጠፋበት ፈርቶ ሳያቆም ነዳው፤ እኔ ውስጥ ነበርኩ። ስንብቴ ይኸው ነው። እስከ ሐሙሲት ስስቅ ሄጄ፣ ሐሙሲት ላይ ግን ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረብኝ።

የሄድኩት ሻርጃ ነው። ለጉና ልጅ ሻርጃ ምድጃ ውስጥ እንደመኖር ነው። እኛ ብርድ ሸሽተን ፀሐይ እንሞቃለን፤ እነሱ ፀሐይ ሸሽተው በገንዘባቸው ብርድ ይገዛሉ። ድንቹ ውሃ ውሃ ይላል፤ የጉናን ድንች የለመደ አፍ እንደሆነ አይታለልም። መጀመሪያ ሰው ቤት ተቀጥሬ ሠራሁ። ማዳሜ ክፉ አልነበረችም፤ ወንድሟ ጋራዥ ነበረውና ቢሮውን እንዳጸዳ ትልከኝ ነበር። የመካኒኮቹ አለቃ፣ ኡስታዝ ረሺድ የምንለው ፓኪስታናዊ፣ መጥረጊያዬን ይዤ ሞተር ላይ አፍጥጬ ባየኝ ቁጥር መፍቻ አቀብይኝ ማለት ጀመረ። ማቀበሉ እያደር ወደ መፍታት አደገ።

የሥራ ፈቃዴን ከቤት ሠራተኛ ወደ መካኒክ ልቀይር ስሄድ የመሥሪያ ቤቱ መኮንን ወረቀቱን አየና «ባልሽ የት አለ?» አለኝ። ባል የለኝም አልኩት። «ታዲያ መካኒኩ ማነው?» እኔ ነኝ ስለው ባልደረባውን ጠርቶ አሳየው። ሁለቱም ጎንበስ ብለው እጄን መረመሩ፤ ግራሶው ከጥፍሬ ሥር አልወጣ ብሎ ነበር። ማኅተሙን የመታው ለእኔ ሳይሆን ለግራሶው ነው።

በዚያው ጋራዥ በግጭት የመጣች አሮጌ ፒክአፕ አግኝቼ፣ ከሥራ በኋላ እያደስኩ ጨረስኳትና ለታናሽ ወንድሜ ለአዲሱ ላክኋት። እሱ ከጉና ድንችና ገብስ እያወረደ ደብረ ታቦር ያደርስባታል። እኔም አንድ ቀን ተመልሼ በእሷው እንጀራዬን እበላለሁ ብዬ ነው። ሌላ መመለሻ የለኝም።

በዚህ ክረምት አዲሱ ደወለ። «እታለም፣ ቅዳሜ ልሸጣት ነው» አለ። ጠመዝማዛው ላይ ነዳጅ ሲረግጥ ጉልበት ታጣለች፤ ቀጥ ባለው መንገድ ደግሞ በገዛ እጇ አንድ ጎማ ላይ ፍሬን ትይዛለች። የምትንሸራተት መኪና ምስል ያለበት ቢጫ መብራት ቦግ እንዳለ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ዓይን ነክቷታል ብሏል፤ ደላላም ተገኝቷል። ተቆጣሁ። ዓይን ሳይሆን ሴንሰር ነው፣ መካኒክ ጋ ውሰዳትና ስልክህን በቪዲዮ ክፈትልኝ አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋ እንዳትንሸራተት የሚጠብቃት ኮምፒውተር አላት። ሴንሰሮቹ ጎማዎቹ እንዴት እንደሚሽከረከሩ፣ መሪው ወዴት እንደዞረ፣ መኪናዋ ራሷ ወዴት እየዞረች እንደሆነ ይነግሩታል። አንዱ ከዋሸ ኮምፒውተሩ አምኖት ፍሬን ይይዛል፤ በሐሰት ምስክር እንደሚፈርድ ዳኛ ማለት ነው።

የደብረ ታቦሩ መካኒክ ይርጋ ጥንቁቅ ሰው ነው። የጎማዎቹን ሴንሰሮች ከጉና ጭቃ አጽድቶ፣ ሽቦዎቻቸውን ለክቶ ጠበቀኝ። መመርመሪያ ማሽኑን ሰክቶ ስልኩን ወደ ቁጥሮቹ አዞረልኝ። ጎማዎቹ ዜሮ ይላሉ፤ መሪው ቀጥ ብሏል። የመኪናዋን መዞር የሚለካው ሴንሰር ቁጥር ግን ይዋዥቃል።

«ማን እየነቀነቃት ነው?» አልኩ።

«ማንም አልነካት። ጎማዋ ሥር ድንጋይ አድርገንባታል» አለ ይርጋ።

ቆማ ሳለች እየዞርኩ ነው ትላለች። ሐሰተኛው ምስክር ተያዘ።

ያ ሴንሰር የሚቀመጠው በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል፣ ከፕላስቲክ ክዳን ሥር ነው። ይርጋ ክዳኑን ሲፈታው ውሃ አቁሯል፤ መሰኪያው አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። ዝናብ የማይደርስበት ቦታ ነው። ምን ፈሰሰበት ብዬ ብጠይቅ አዲሱ እናታችን የምታፈሰው ጠበል መሆኑን ተናገረ። መኪናዋ አገር እንደገባች የንስሐ አባታችን ባርከው ጠበል ረጭተዋት ነበር፤ ይህ የሁሉም መኪና ወግ ነው። እናቴ ግን በዚያ አላበቃችም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጠበል በጆግ ታፈስባታለች። መብራቱ ሲበራ ጨመረች፤ በጨመረች ቁጥር ደግሞ መብራቱ ባሰበት።

ይርጋ መሰኪያውን በአልኮል አጠበ፣ ፀሐይ ላይ አደረቀ፣ መለሰ። ከዚያ ሜዳ ላይ አቁሞ ቀጥታው የቱ እንደሆነ በማሽኑ እንደገና አስተማራት። ቁጥሩ ዜሮ ላይ ቆመ፤ ንቅንቅም አላለ። አዲሱ ወደ ጉና አቅጣጫ ይዟት ወጣ፤ ጠመዝማዛውን አልፎ ሲደውል መብራቱ ጠፍቷል፣ ጉልበቷም ተመልሷል። እዚህ ሻርጃ፣ ጋራዡ መሃል እልልታዬን ለቀቅኩት። ኡስታዝ ረሺድ ሰው የተጎዳ መስሎት እየሮጠ መጣ። ደላላው ባዶ እጁን ሄደ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ ባሕር ማዶ ቆሜ የአገሬን መኪና አድኛለሁ።

የቀረው እናቴ ናት። ጠበልሽ ነው ያበላሻት ብሎ ለእናት እንዴት ይነገራል? ደውዬ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ ቆየሁና፣ ከእንግዲህ ከውጭ በኩል ጎማዋን ብቻ ርጪ አልኳት።

«ወንበሮቹ ዘንድ አትርጪ ማለትሽ ነው?»

«አዎ እማዬ። ዓይንም አልነካትም።»

«ዓይን ነካት ያለውማ ሰፈሩ ነው» አለች። «እኔ ለመኪናይቱ መቼ ረጨሁ፣ ልጄ። ከአዲሱ ጎን ያለውን ወንበር ነው የምረጨው። ባዶውን። አንቺ የምትቀመጭበትን።»

እመጣለሁ አልኳት። መቼ እንደሆነ አልጠየቀችኝም።