ዘይነባን ያስቀራት ምስጋና

ትርጉም ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አንድ የልደት ምስክር ወረቀት ሰጡኝና «ያልተባለውን አትጨምሪ፣ የተባለውን አታስቀሪ» አሉኝ። ሌላ ሥልጠና የለም። ከዚያ ወዲህ አሰላ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ተቀምጬ ስንቱን ውክልና፣ ስንቱን የጋብቻ ወረቀት ተረጎምኩ። ዓይኔም ወገቤም እዚያው አለቀ።

አሜሪካ ሕግ ትምህርት ቤት የሚያመለክቱ ልጆች፣ እውነቱን ልናገር፣ ያደክሙኛል። ትራንስክሪፕቱ ታሽጎ ይላክ ይባላል፤ ልጁ «እስቲ ልየው» ብሎ ፖስታውን ይቀደዋል፤ እንደገና ሩጫ። የአያት ስም ፓስፖርቱ ላይ አለ፣ ዲግሪው ላይ የለም። «ኧረ በፈጣሪ፣ ስማችሁን እንኳ አንድ አድርጉ!» እላለሁ።

ዘይነባ ግን ሁሉን አሟልታ መጣች። የሳጉሬ ልጅ ናት፤ ሕግ ተመርቃ እዚሁ ፍርድ ቤት በረዳትነት ትሠራለች። የቀራት የአለቃዋ የዳኛው የድጋፍ ደብዳቤ ነበር። ዳኛው በአማርኛ ጽፈውላታል፦ «ጭምት ናት። አንገቷን ደፍታ ትሠራለች። ከታላላቆቿ ጋር ቃል ተመላልሳ አታውቅም።»

«አየሽ፣ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩሽ» አልኳትና ቃል በቃል ተርጉሜ ማኅተሜን መታሁበት።

ያመለከተችባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ አልተቀበሏትም። ለምን ብላ ስትጽፍ አንደኛው ብቻ መለሰላት፦ ታዛዥነትሽን አንብበናል፤ መከራከር መቻልሽን ግን የሚነግረን አላገኘንም። ስልኳን ይዛ መጥታ ወንበሬ አጠገብ ቆመች።

«አዴ አልማዝ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናዬ ውጤት የሚያገለግለው እስከ መጪው ዓመት ነው። ከዚያ በቃ፣ ቀረሁ።»

አፈርኩ። ስንት ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ስተረጉም፣ የሚያነበው ሰው ምን እንደሚፈልግ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም።

በማግስቱ እግሬን እየጎተትኩ ዳኛው ቢሮ ወጣሁ። «ክቡር ዳኛ፣ ሌላ ደብዳቤ ይጻፉላት።»

«ምን ብዬ? ተከራካሪ ናት ብዬ ስሟን ላጥፋ?» ተቆጡ።

«እርስዎን ተከራክራ ታውቃለች?»

ወደ በሩ አዩ። ከዚያ «በሩን ዝጊው» አሉኝ።

«አንድ የመሬት ክርክር ላይ ውሳኔ ጽፌ ነበር። ከመነበቡ በፊት ገባችና ‹ተሳስተዋል› አለችኝ። አባረርኳት። በነጋታው መዝገቡን ይዛ ተመለሰች።»

«ትክክል ነበረች?»

«ትክክል ነበረች። አንዲት ባልቴት መሬቷን ልታጣ ነበር፤ በእኔ እጅ። ለማንም አልተናገርኩም። ደፋር እንዳትባል ብዬ ነው የሸፈንኩላት።»

«እሱን ይጻፉት።»

«የራሴን ስሕተት? በፊርማዬ?»

ደክሞኝ ስለነበር ተቀመጥኩ። በመጨረሻ ወረቀት ሳቡ። እያላባቸው ጻፉ። «ተሳስቼ ነበር» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰርዘው፣ በሦስተኛው ተዉት።

ያን ደብዳቤ ስተረጉም አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። በዓመቱ አንድ ትምህርት ቤት ተቀበላት። ዳኛው ሲሰሙ «እንግዲህ እዚያም ‹ተሳስታችኋል› ትበላቸው» ብለው መዝገባቸውን ገለጡ።

ወንበሬን ለምትረከቡ ልጆች ይኸን እላለሁ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍን ሰው «እንዴት ያለች ልጅ ናት?» ብላችሁ አትጠይቁት። «ምን ስታደርግ አየሃት?» በሉት።