ዘቢደር የሸማኔዎች ዳስ የገባች ቀን

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛችን ዘቢደር መልካም ሴት ናት፤ ግን አንድ የሚያናድደኝ አመል ነበራት። ወላጅ ስለ ክትባት በጠየቃት ቁጥር «ምንም አይሆንም!» ትል ነበር።

ኦይታ እዚህ ኦቾሎ ከጎኔ ሸማ የሚሠራ ጓደኛዬ ነው። የመጀመሪያ ልጁ ከተከተበ በኋላ ሰውነቱ ሲግል፣ ሚስቱ አበቡ ላይ «አንቺ ነሽ ወስደሽ ያስወጋሽው!» ብሎ ጮኸባት። ልጁ በማግስቱ ሲቦርቅ ዋለ፤ አበቡ ግን ተቀይማ እናቷ ቤት ሳምንት ከረመች። ሁለተኛዋ ልጃቸው ሄራን አርባ አምስት ቀን ሲሞላት፣ አበቡ ዘቢደርን ባየች ቁጥር እንሰት ውስጥ ትደበቅ ጀመር።

አንድ ቀን ዘቢደር ተከትላት እንሰቱ ውስጥ ገባች።

«መርፌውን አይደለም የፈራሁት» አለቻት አበቡ። «ትኩሳት ከመጣ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ሌላ ጠብ አልችልም።»

ዘቢደር በነጋታው ጤና ኬላ ተቀምጣ መጠበቋን ትታ፣ የክትባት ሳጥኗን አንግታ እኛ ዳስ መጣች። አባቶች ያሉት እዚያ ነዋ! ሸማኔ ደግሞ እግሩ የመርገጫው ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ቶሎ ተነሥቶ አያመልጥም። አበቡም ሄራንን ታቅፋ ተከትላታለች።

«ኦይታ፣ ልጅህን አንተ ያዛት» አለችው ዘቢደር።

«እኔ?»

«አዎ፣ አንተ። ዛሬ ማታ ሊያተኩሳት ይችላል፤ ታለቅሳለች። ጡት ትጥባ፣ ልብስ አትደራርቡባት። ትኩሳቱ ከጠና ወይም ጡት እምቢ ካለች ሳትውሉ ሳታድሩ አምጧት። ነገ ጠዋት ራሴ መጥቼ አያታለሁ። ባለፈው ምንም አይሆንም ማለቴ ስህተት ነበር፤ ይቅርታ።»

የመንግሥት ሠራተኛ ይቅርታ ሲል ሰምቼ ስለማላውቅ መወርወሪያዬ ከእጄ ወደቀ።

ኦይታ ሕፃኗን ተቀበለ። መርፌው ሲገባ ሄራን አንዴ ጮኸች፤ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ የተወጋው ራሱ ይመስል አቃሰተ። ሳቃችንን መቆጣጠር አልቻልንም።

በማግስቱ ኦይታ ከዳሱ ቀረ። ደነገጥኩ። ዘቢደር ስትመጣ አብረን ቤቱ ሄድን። ሄራን ጡት እየጠባች ነው፤ ኦይታ ዓይኑ ቀልቶ አጠገባቸው ተቀምጧል።

«አተኩሷት ነበር፤ ልክ እንዳልሽው» አለ። «ሲነጋ በረደላት።» ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አበቡ፣ ያኔም ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም።»

ሁለት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነበርና አበቡ አለቀሰች። እኔንም አስለቀሰችኝ። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ሕፃኗን ለኦይታ አስታቀፈችና ወደ ዘቢደር ዞረች።

«ሲስተር፣ ቀጣዩ መቼ ነው?»